ከግንቡ ማዶ የተሳበው ሽቦ

ይሄ በእኔ ላይ የደረሰ ነው።

ከሰው የሰማሁት አይደለም። በነሐሴ ወር፣ ካዛንቺስ፣ በገዛ ቤታችን ውስጥ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው የለየለት። ሌሊት አልነበረም። ሰው እንዲህ ያለ ነገር በጨለማ ብቻ የሚመጣ ይመስለዋል...

እኔ ሰው ፊት መናገር አልችልም። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ እንኳን መልሱን እያወቅኩ እጄን አላወጣም ነበር። ስለዚህ ለእናንተ መጻፍ ይቀለኛል። እመኑኝ ብዬ አልጨቀጭቃችሁም። ማለቴ... ብታምኑኝ ደስ ይለኛል። ባታምኑኝም ግን፣ መብራት ፈልጎ የሚጠራችሁን ሰው መጀመሪያ ፊቱን እዩት።

ካሚላ እባላለሁ። የምኖረው ከአባቴ ከዓብዱልሀሚድ ጋር ነው። አባ ዕድሜውን ሙሉ ልብስ ሲሰፋ የኖረ ሰው ነው። አሁን ሳንባው ደክሟል። ያለ ኦክስጅን ማሽን ብዙ መቆየት አይችልም።

ማሽኑ ትንሽ ነው፤ ቦርሳ ያክላል። ከእሱ የሚነሣ ቀጭን ቱቦ አባ አፍንጫ ላይ ይገባል። ሲሠራ ፍስስ... ቷ... ፍስስ... ቷ... ይላል።

ያ ድምፅ ካለ አባ አለ። እኔ እንደዚያ ነው የማስበው።

ሠፈራችን እየተነሣ ነበር። ጎረቤቶቻችን አንድ በአንድ ዕቃቸውን በአይሱዙ ጭነው ወደ ኮንዶሚኒየም ሄደዋል። የእኛ ተራ ገና ነበር። መብራቱ ግን ከነምሰሶው ቀድሞን ሄደ።

ታላቅ ወንድሜ ሙስዐብ ሜክሲኮ አካባቢ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ውስጥ ይሠራል። መብራቱ በተቆረጠ ማግስት እንደ መጽሐፍ የሚታጠፍ ሶላር፣ አንድ ከባድ ባትሪ፣ እና ቻርጅ ኮንትሮለር የምትባል መዳፍ የምታህል ዕቃ ይዞ መጣ።

የኮንትሮለሯ ሥራ ቀላል ነው። ከሶላሩ የሚመጣውን ኃይል መጥና ባትሪው ውስጥ ታስገባለች። ከባትሪው ደግሞ ወደ አባ ማሽን ታወጣለች። ስክሪኗ ላይ ምን ያህል እንደሚገባና ባትሪው ምን ያህል እንደቀረው ይታያል።

«በቃ ስሚኝ» አለኝ ሙስዐብ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ብሎኑን እያጠበቀ። «ባትሪ ሁልጊዜ ቀድሞ ይገባል። ሶላር ከእሱ በኋላ። ስትነቅዪ ደግሞ ግልባጩ ነው፤ ሶላሩን መጀመሪያ፣ ባትሪውን መጨረሻ። ካቀያየርሽው ታቃጥያታለሽ።»

«እሺ።»

«ድገሚልኝ።»

«ባትሪ መጀመሪያ... ሶላር በኋላ...»

«ጮክ በዪ እንጂ! ከባትሪ ጋርም ታፍሪያለሽ እንዴ?»

አባ ከአልጋው ላይ ሳቀ። «ትንፋሼን ከፀሐይ ልትቀጥሉልኝ ነው እንግዲህ» አለ። «ደመና ሲሆንስ?»

«ደመና ሲሆን ቆጥበህ ተንፍስ» አለው ሙስዐብ።

ሦስታችንም ሳቅን።

ሊሄድ ሲል በሩ ላይ ቆሞ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ካሚላ፣ ከአባ ማሽን ሌላ ምንም እንዳትሰኪበት። ስልክሽን እንኳን እኔ ሱቅ ወስጄ ቻርጅ አደርግልሻለሁ። ክረምት ነው፤ የሚተርፍ ነገር የለም።»

ጥቂት ቀን በደህና አለፈ።

ከዚያ አንድ ቀን፣ አመሻሽ ላይ፣ ሶላሩን ላጥፍ ወደ ግቢው ወጣሁ።

«ጓለይ...»

ከግንቡ ማዶ ነው።

ጓለይ ብሎ የሚጠራኝ ሰው አንድ ብቻ ነው። አደይ ትበርህ። ከረጅሙ ግንብ ወዲያ ያሉ ጎረቤታችን ናቸው፤ ከእኛ ግቢ ማዶው አይታይም። በትግርኛ ልጄ ማለታቸው ነው፤ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ስሜን ጠርተውኝ አያውቁም።

አደይ በወሩ መጀመሪያ ለቀው ነበር። ግን ብዙ ሰው የቀረውን በርና ቆርቆሮ ሊነቅል ይመለሳል። እሳቸውም ተመልሰው መጡ ብዬ አሰብኩ።

«አደይ? መጡ እንዴ?»

ወደ ግንቡ ጠጋ አልኩ።

ከዚያ... «ጓለይ... ጨለመብኝ።»

እዚህ ላይ የሠፈራችንን ልማድ ልንገራችሁ። የእነሱ መብራት ሲጠፋ ከእኛ ቤት፣ የእኛ ሲጠፋ ከእነሱ ቤት፣ በግንቡ ቀዳዳ ሽቦ እናቀብላለን። ቀዳዳው ራሱ ለዚያ ተብሎ የተበሳ ነው። እስከ መቼ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ፊት ለፊት መተያየትም አያስፈልግም፤ ድምፅ ይበቃል።

የሙስዐብ ቃል ትዝ ብሎኛል። ግን አንድ ትንሽ አምፖል ምን ይወስዳል? ደግሞ አደይ ናቸው። እናቴ ስትሞት ሳምንቱን ሙሉ እኔን አቅፈው ያደሩት አደይ ናቸው።

ከአልጋ ሥር የድሮውን የሽቦ ጥቅል አወጣሁ። አንዱን ጫፍ የአባ ማሽን ከታሰረበት ብሎን ሥር ደርቤ አሰርኩት። ሌላውን ጫፍ በመስኮት አውጥቼ በግንቡ ቀዳዳ አሾለክሁት።

ሽቦው ተሳበ።

ቀስ ብሎ... ሳይቸኩል...

የአደይ ቤት አንድ ክፍል ናት። ከግንቡ እስከ ጣሪያዋ አምፖል ድረስ ብዙ ሽቦ አትፈልግም። ሽቦው ግን አልቆመም። ጥቅሉ መሬት ላይ እየተሽከረከረ ተፈታ... ተፈታ... እስከ መጨረሻው ተፈትቶ ተወጠረ።

ያኔ ብቻ ቆመ።

ምርቃት አልሰማሁም። አደይ አንድ ብርጭቆ ውኃ ሲሰጣቸው እንኳን ሳይመርቁ አይቀሩም።

ቀና ብዬ የግንቡን አናት አየሁ። መብራት የበራለት ቤት ትንሽ ወገግ ይላል አይደል?

ከግንቡ ማዶ ጭልም ያለ ነበር።

ጠዋት ስነሣ መጀመሪያ ያየሁት ስክሪኗን ነው። ባትሪው ከግማሽ በታች ወርዷል። አንድ አምፖል እንዲህ አይበላም። ውጪ ደግሞ ዝናብ ነው፤ ሰማዩ እንደ አመድ ሆኗል።

ወደ ግንቡ ሄድኩ። እንዴት ብዬ እንደምናገር ስለማመድ ትንሽ ቆምኩ።

«አደይ... ይቅርታ... ለአባ እንዳያንሰው ነው... ሲነጋ እንኳን ቢያጠፉት...»

«ጓለይ... ጨለመብኝ።»

ጠዋት ነው እኮ።

የገረመኝ ደግሞ ሌላ ነው። የትናንቱን ነው የደገሙት። በዚያው ቃና፣ በመሀል ላይ በዚያው እረፍት። ድምፁም ቆሞ ከሚያወራ ሰው የሚመጣ አልነበረም። ከታች ነበር... ከግንቡ ሥር፣ አፉን ከመሬት ካስጠጋ ሰው...

ሽቦውን ነካሁት።

ይሞቃል። እንደ ሰው እጅ።

እጄን ቶሎ ሰበሰብኩ። ሙስዐብ ማታ ሲመጣ እሱ ያናግራቸው ብዬ ወደ ቤት ገባሁ።

አሥር ሰዓት ሲሆን የአባ ማሽን ጮኸ።

ጢጥ... ጢጥ... ጢጥ...

ኃይል ሲያንሰው ነው እንዲህ የሚለው። ባትሪው ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶታል። ሶላሩ ውጪ ተዘርግቶ ዝናብ ይመታዋል፤ የሚያስገባው ነገር የለም ማለት ይቻላል።

ሙስዐብ ጋ ደወልኩ።

«መኪና ይዘህ ና» አልኩት። «ባትሪው እያለቀ ነው።»

«እንዴት ያልቃል? ምን ሰክተሽበት ነው?»

«ለአደይ... አንድ አምፖል...»

ከኋላው የታክሲ ረዳቶች ጩኸት ይሰማኛል።

«የትኛዋ አደይ?»

«አደይ ትበርህ ናቸዋ። ተመልሰው መጥተው...»

«ካሚላ። አደይ ትበርህ ልጃቸው አርያም ጋ ናቸው። ዛሬ ጠዋት አውርቻቸዋለሁ።»

በመስኮቱ ወደ ግንቡ አየሁ።

«ደውዪላቸው» አለኝ። «እኔ የባለሱቁን መኪና ይዤ እየወጣሁ ነው። መንገዱ ተዘግቷል፤ ትንሽ ታገሺኝ። አሁን ደውዪላቸው።»

ደውዬ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንዳደረግሁ ወደ ግቢው ወጣሁ። ለምን እንደወጣሁ አላውቅም። ምናልባት ስልካቸው ከግንቡ ማዶ ሲጮህ እሰማለሁ ብዬ ይሆናል። ያ ቢሆን ደስ ባለኝ።

ከግንቡ ማዶ የጮኸ ነገር የለም።

«አቤት ጓለይ!» አሉ አደይ በስልኩ። ከኋላቸው ቴሌቪዥን ይሰማል፤ ሕፃን ይስቃል። «ደህና ነሽ? ዓብዱልሀሚድ እንዴት ነው?»

«አደይ... የት ነዎት?»

«አርያም ቤት ነኛ! ደረጃው ገደለኝ እንጂ ደህና ነኝ። ሠፈር ግን አስጠላኝ። ባለፈው ሄጄ ቤቴን አየሁት እኮ... ሜዳ ሆኗል። ምሰሶ እንኳን አልቀረም።»

በዚያው ሰዓት፣ በሌላኛው ጆሮዬ...

«ጓለይ... ጨለመብኝ።»

አደይ ወሬያቸውን አቆሙ።

ቴሌቪዥኑ ብቻ ይሰማል።

«ጓለይ» አሉኝ፣ በሹክሹክታ። «ማን ነው እዚያ በእኔ ድምፅ የሚያወራው?»

ከግንቡ ራቅ አልኩ።

«ምን ጠየቀሽ?»

«ሽቦ...»

«ሰጠሽው?»

«...አዎ።»

«ወይለይ! ቁረጪው! አሁኑኑ ቁረጪው! ድጋሚም አትመልሺለት፣ ሰማሽ?»

ሮጬ ገባሁ። የአባን የልብስ መቀስ ከመሳቢያ አወጣሁ። ሽቦው በመስኮቱ የሚወጣበት ቦታ ላይ ሁለቱንም ክር አንድ ላይ ይዤ ቆረጥኩት።

ቷ!

እሳት ብልጭ አለ። የመቀሱ ጫፍ ጠቆረ።

ሁለቱን ክር ባንድ ላይ በብረት መቁረጥ ማገናኘት እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ። ኮንትሮለሯ ራሷን ዘጋች። ስክሪኗ ላይ አንድ ምልክት ብቻ ብልጭ ድርግም ይላል።

ማሽኑ ጸጥ አለ።

ፍስስ የለም። ቷ የለም።

«ካሚላዬ...» አለ አባ። ትራሱን ተደግፎ ቀና ለማለት እየሞከረ ነው። «ቆመ እኮ...»

«አሁን አባ፣ አሁን...»

የቀረው ቁራጭ ሽቦ በመስኮቱ በኩል ተንሸራቶ ሲወጣ አየሁት። እየተጎተተ... ጭቃው ላይ እየተሳበ... በቀዳዳው ገባ። የቆረጥኩበት ጫፍ ቀዳዳው አፍ ላይ ትንሽ ቆመ። እንደሚያየኝ ዓይነት።

ከዚያ ጠፋ።

ሙስዐብ ያስጠናኝን በልቤ አልኩ። ሶላሩን መጀመሪያ ነቀልኩ። ከዚያ ባትሪውን። ትንሽ ቆየሁ። ከዚያ ባትሪውን መለስኩ።

ስክሪኗ በራች። ባትሪው ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም። እንዲህ ሲሆን ኮንትሮለሯ ለማሽኑ ኃይል አትለቅም።

አባ ከንፈሩ እየጠቆረ ነው። አፉን ይከፍታል፤ የሚገባለት ግን ትንሽ ነው። እጁ ብርድ ልብሱን ይጨብጣል፣ ይለቃል።

የቀረኝ ሶላሩ ብቻ ነው። በዚህ ዝናብ ምንም እንደማይሰጠኝ አውቃለሁ። ሌላ ግን የለኝም።

ሰካሁት።

ቁጥሩ ዘለለ።

ትንሽ አይደለም የዘለለው። በበጋ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይ አናት ስትበሳ ነው እንዲህ ያለ ቁጥር የሚመጣው። ወደ ባትሪው የሚያመለክተው ቀስት በፍጥነት ይሮጥ ጀመር።

ፍስስ... ቷ...

ማሽኑ ተነሣ። የአባ ደረት ከፍ አለ፤ ዝቅ አለ።

መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ ወደ ግቢው አየሁ።

ዝናቡ እየወረደ ነው። ሰማዩ ጥቁር ነው።

ሶላሩ እኔ ባስቀመጥኩት ቦታ አልነበረም። ወደ ግንቡ ዞሯል። ከቀዳዳው ደግሞ ብርሃን ይወጣል... ቀጭን፣ ነጭ፣ ዓይን የሚያስጨፍን ብርሃን... በቀጥታ ሶላሩ ላይ ይፈስሳል። የዝናቡ ጠብታዎች በእሱ ውስጥ ሲያልፉ አንድ በአንድ ይታዩኛል።

«ጓለይ... ይበቃሻል?»

አፌን በእጄ ያዝኩ።

አንድ ነገር ብቻ ነው ማድረግ ያለብኝ። ሶላሩን መንቀል። ከነቀልኩት ግን አባ...

«ማን ነው?» አለኝ አባ። ድምፁ እየተመለሰ ነው።

«ማንም...»

«መብራት ሰጡን?»

መጋረጃውን መለስኩት።

«አመስግኚያቸው እንጂ የኔ ልጅ» አለ። ዓይኑን ጨፍኗል። «ጎረቤት ናቸው።»

«አባ፣ ዝም በል...»

«አላህ ይስጥልን!» አለ፣ ባለችው ትንፋሽ ሁሉ፣ ወደ መስኮቱ።

ውጪው ጸጥ አለ። ዝናቡ እንኳን ያነሰ መሰለኝ።

«ማንም...» አለ ድምፁ ከግንቡ ማዶ።

አሁን የአደይ ድምፅ አልነበረም።

«አባ፣ ዝም በል... አባ፣ ዝም በል... አሁን አባ፣ አሁን...»

የእኔ ነበር።

አባ አልጋ ሥር ተቀምጬ እጁን ያዝኩ። ከዚያ በኋላ ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ማሽኑን እሰማለሁ። ከውጪ ደግሞ ራሴን እሰማለሁ። ጮክ ብዬ ተናግሬ የማላውቀውን ድምፄን፣ ጮክ ብሎ።

ሙስዐብ ሲገባ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኗል።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለኝ እያለከለከ። «በዚህ ዝናብ ከግንቡ ኋላ ምን ትሠሪያለሽ? እየጠራሁሽ 'ጨለመብኝ' ትዪኛለሽ...»

ቀና ብዬ አየሁት። የደረቀ ልብሴን አየ። የአባን እጅ መያዜን አየ።

ፊቱ ተለወጠ።

«ማሽኑን ያዢ» አለኝ ብቻ። ሶላሩን ነቀለ፤ ባትሪውን ነቀለ። ብርሃኑ ከመጋረጃው ላይ ጠፋ። አባን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አቀፈው፤ ወጣን። ሶላሩንም ባትሪውንም እዚያው ተውናቸው። በሩን ቆለፍኩ።

መኪናው ውስጥ ማሽኑን ከመኪናው ሶኬት ጋር አገናኘሁት።

ፍስስ... ቷ...

ወደ ማታ እየሆነ ነበር። መኪናው ዳገቱን ሲወጣ ከግንቡ ማዶ ያለው ሜዳ ሙሉ በሙሉ ታየኝ። ቤት የለም። ግድግዳ የለም። የፈረሰ ድንጋይና ጭቃ ብቻ ነው።

ግን ከዳር እስከ ዳር አምፖል በርቷል።

የተሸከመው ምሰሶ የለም። ድሮ የየቤቱ ጣሪያ በነበረበት ቁመት ላይ፣ በየቤቱ ቦታ፣ አንድ አንድ አምፖል በአየር ላይ ተንጠልጥሏል። በየአምፖሉ ሥር ጭቃው ላይ ጥላዎች ተቀምጠዋል። አንዳንዱ ሥር ብቻውን... አንዳንዱ ሥር በርከት ብለው፣ ገበታ እንደከበቡ...

ጥላው ያረፈበት ጭቃ ላይ ሰው የለም።

«ሙስዐብ...»

«ወደ ኋላ አትዪ» አለኝ። ዓይኑ የመኪናው የኋላ ማሳያ መስታወት ላይ ነበር።

አባ ከጎኔ ነው። ዓይኑን ጨፍኗል፤ ይተነፍሳል። እጁን ይዤዋለሁ። ይሞቃል።

ወደ ኋላ ዞርኩ።

ቆልፈነው የወጣነው ቤታችን ውስጥ መብራት በራ።

በመጋረጃው ላይ የአንድ ሽማግሌ ጥላ ነበር። ትራስ ተደግፏል። ከአፍንጫው ቀጭን ቱቦ ይወርዳል። ደረቱ ከፍ... ዝቅ... ከፍ... ይላል።

ከአልጋው ሥር አንዲት ቀጭን ጥላ ተቀምጣለች።

እጁን ይዛዋለች።